የጣና ጉዟችንና የረሳኋቸው ሰዎች
(በኅብረታችን የመገናኛ ቀን እንጅባራ ላይ የቀረበ ንግግር)

  የእንጅባራን ብርድ ረስታችሁት ከነበረ ዛሬ ጧት ራሱ አስታውሷችኋል።

የተሰጠኝ ርእስ «የሚቀጥለው የጋራ ዕረፍታችን ዕቅድ» የሚል ነው። ዕቅዱን ከማቅረቤ በፊት ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝና ዕዳ ሳይዘጋ አዲስ መዝገብ መክፈት አይሆንልኝም።

መጀመሪያ ሐሳቡ ከየት እንደተነሣ ልንገራችሁ። አውሮፓ የሚኖሩ ሁለት ጓደኞቻችን በስልክ ሲያወሩኝ፣ «ለምን በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ አንድ ደሴት መርጠን ሳምንት አንገናኝም? ማልታ ትሁን» አሉ። እውነት ለመናገር ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። የሸንገን ቪዛ ለሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ያስፈልጋል። የባንክ መግለጫ አለ፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አለ፤ የአውሮፕላን ቲኬት አለ። በመምህር ደመወዝ ይህን ማን ይችለዋል? ከመካከላችን አራት አምስት ሰው ይሄዳል፣ የቀረነው ፎቶውን በስልክ እናያለን። ይህ ደግሞ መገናኘት አይባልም።

ያን ዕለት ማታ አንድ ነገር አየሁ። ማልታ ደሴቶቿ ሁሉ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ አገሪቱ በሙሉ ጣናችን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ትገባለች ማለት ነው። ከዚህ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳንግላ፣ በዱርቤቴ፣ በመርዓዊ አልፈን ለምሳ እንደርሳለን። ዘንገና ደጃችን ነው፣ ውበቱም አያጠራጥርም፤ ግን ደሴት የለውም። ደሴት ካልን ጣና ነው።

እዚህ ላይ ነው ዕዳው የሚመጣው። ጣና ሄደን እናውቃለንና።

በ2011 ዓ.ም. የጉዞ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። 23 ሰው ተመዘገበ፣ ዘጠኙ ሴቶች ነበሩ። ገንዘብ ሰበሰብኩ፣ አውቶቡስ ተከራየሁ፣ ጀልባ ተዋዋልኩ። መድረሻችን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው አልኩ። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አስከሬን ያለበትን ገዳም ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበርና ማንንም ሳላማክር ወሰንኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ደግሞ አፍስሼ ሳልለቅም ቀረሁ።

ዳጋ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ይህ የገዳሙ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በግሪክ የአቶስ ተራራ ገዳማትም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በገዳሙ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ሕጉን እኔም አውቀው ነበር። የማውቀውን ነገር ከዕቅዱ ውስጥ አለመጻፌ ነው ጥፋቱ።

ጀልባው ሲቆም እኛ ወንዶቹ ጫማችንን እያጠባበቅን ወረድን። ሴቶቹ ቀሩ። ጉልበቱን የሚያመው አንድ ጓደኛችንም ዳገቱን አይቶ «እኔም እዚሁ ልሁን» አለና አብሯቸው ተቀመጠ። እኛ ላይ ሆነን ስንጎበኝ፣ ስንጠይቅ፣ ፎቶ ስንነሣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆየን። እነሱ ፀሐይ ላይ ነበሩ። ስንመለስም ቀኑ ገፍቶ ስለነበር ነፋሱ ተነሣ። ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጧት መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። ማዕበሉ ጀልባውን ሲያላጋው ባሕር ዳር እስክንደርስ ድረስ ረጥበን፣ ዝም ብለን መጣን።

ስንወርድ አንዲት እህታችን ጠራችኝ። ለ23 ሰው ስንቅ ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ዳቦውን ሌሊት ስትጋግር አድራ ነው የመጣችው። አልጮኸችም። «አንተ የሒሳብ ሰው፣ ብር ስትቀበል ቁጥር ውስጥ ነበርን። ከዚያ በኋላ በየትኛው ዓምድ ጻፍከን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ይቅርታ» እንኳ በወቅቱ አላልኩም፤ «ሥርዓቱ እኮ ነው» አልኩ። እሷም «ሥርዓቱንማ እናቴም ታውቀዋለች» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ባደረግናቸው ሁለት ስብሰባዎች አልመጣችም። እኔም ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ደግሞ ባለፉት ዓመታት መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ መገናኘቱ ራሱ ተቋረጠ። ሰው ሲጠፋብህ ነው የተናገረህ ነገር የሚከነክንህ።

ዘንድሮ ጥሪ ስንበትን ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ያኔ ያላልኩትን ቃል አልኩ። ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን ግን አትጥራ ብላለችና አልጠራም።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝን የነገረችኝም እሷ ናት። ዳጋ ከደቅ ደሴት አጠገብ ነው። ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሴቶችም ይገቡበታል። «ሴት ያሠራችውን ትተህ ሴት የማይገባበት ወሰድከን» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጆሮዬ ጋለ።

እንግዲህ አዲሱ ዕቅድ ከእሷ ጋር ተቀምጠን የሠራነው ነው። አድምጡኝና በኋላ ተቹት።

ጊዜው ጥር ነው። ጥር 23 ቀን እዚህ እንጅባራ ላይ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ከሩቅ የሚመጣው አባል ፈረሱን አይቶ፣ ከዘመድ ተገናኝቶ ያድራል። በማግሥቱ ጧት እንነሣለን፤ ዳንግላ ላይ ያሉትን እንጭናለን። የዚያን ዕለት ውኃ ላይ አንወጣም። ባሕር ዳር ዐርፈን፣ ዓሣችንን በልተን፣ እየተጫወትን እናመሻለን።

ጥር 25 ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀልባ ላይ እንሆናለን፤ ውኃው ሳይነሣ ደቅ ለመድረስ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚያስኬድ ጋቢ ያዙ። ናርጋ ሥላሴን ሁላችንም አብረን እናያለን። ዳጋን ማየት የሚፈልግ ወንድ ካለ በራሱ ጊዜ፣ በሌላ ቀን ይሂድ፤ የጋራው ጀልባ ማንም ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ አይቆምም። ሩቁን መንገድ ለማይችሉ፣ ለአረጋውያን መምህራኖቻችንና ሕፃን ለያዙ፣ ሁለተኛ ጀልባ ወደ ዘጌ ይሄዳል። እሱ አጭር ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው። ማታ ሁለቱም ጀልባዎች የጫኑትን ሰው አንድ ማዕድ ላይ እናገናኛለን።

ደቅ ላይ ማደር የምትፈልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደሴት ላይ ሳያድሩ ደሴት ሄድኩ ማለት አይሆንም የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው። ስለዚህ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቀድመው ሄደው ከአገሬው ጋር ይነጋገራሉ፤ መኝታውን፣ ውኃውን፣ መጸዳጃውን በዓይናቸው ያያሉ። እነሱ መጥተው ሳይነግሩን ለማደሪያ የሚሆን አንድ ብር አልሰበስብም። የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ሰሞን ጠይቀን እናረጋግጣለን፤ ካልሆነ ቀኑን እናዛውራለን እንጂ ሰው አናስጨንቅም።

የጀልባው ውል በጽሑፍ ይሆናል፦ ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በጀልባ፣ የመቆያ ሰዓቱ ተጨምሮ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ሳይቆጠር ሞተር አይነሣም፤ ልጆችም ሰው ናቸው፣ በልካቸው ይቆጠርላቸዋል። የገዳማቱ መግቢያ በየቦታው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ምግቡ የጾመኛውንም፣ የሙስሊም ወንድምና እህቶቻችንንም ያገናዘበ ይሁን ብለን ዓሣና የአትክልት ወጥ መርጠናል። ሰው ሳህኑን ይዞ ጥግ ጥጉን እንዳይቀመጥ ነው። ፕላስቲካችንን ይዘነው እንመለሳለን፤ ጣናን እምቦጭ የሚበቃውን ያህል አስቸግሮታል።

ስንቅ ደግሞ አንድ ሰው ላይ አይወድቅም። ዘንድሮ ዳቦ የሚጋግሩት ወንዶቹ ናቸው። (ሳቅ) አትሳቁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው ሊጥ የእኔ ነው፤ ካረረም አብረን እንበላዋለን።

ውድ ጓደኞቼ፣ በትምህርት ቤት በጀት ስንማር መጀመሪያ የተማርነው ገቢና ወጪን ማመጣጠን ነበር። እኔ ዘግይቼ የተማርኩት ሌላ ነው። ጉዞ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚጻፈው የቦታው ስም አይደለም፤ የሚሄዱት ሰዎች ስም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ «እዚያ ሲደርስ ምን ይሆናል?» የሚል አንድ ዓምድ አለ። ያን ዓምድ ባዶ ከተዋችሁት አንድ ሰው ጀልባ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

በሩ ላይ ቅጽ አለ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ከማን ጋር ትመጣላችሁ? ምን ይከብዳችኋል? ምን ማየት ትመኛላችሁ? ስትወጡ ሙሉልን። ሁለተኛውን ጥያቄ እባካችሁ አትዝለሉት። ሰብሳቢዋ፣ ማን እንደሆነች ገብቷችኋል፣ አንድ በአንድ ታነበዋለች። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ እስክሪብቶም ይዤያለሁ።