ለጠመንጃ ሰደፍ ዘይት ስለ መምረጥ

(በስታዲየም አካባቢ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




በእንጨት ሥራና በቅርስ ጥበቃ ሙያ ለተሠማራን ሰዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የአያቴ ጠመንጃ ሰደፉ ደርቋል፤ ምን ልቀባው?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ቅቤ፣ ሌላው ቫርኒሽ፣ ሦስተኛው ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያስባል። በበኩሌ ከማንኛውም ዘይት በፊት ጠመንጃው ራሱ ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት እላለሁ።

እንደሚታወቀው በ1888 ዓ.ም. ለአድዋ የዘመተው ሠራዊት ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ የተሠራው ዎልነት ከሚባል ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ የአውሮፓ እንጨት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር የጠመንጃ ሰደፍን በጥሬ የተልባ ዘይት ያሽ ነበር። አሜሪካኖችም ጋራንድ በተባለው ጠመንጃቸው ላይ በመጀመሪያ የተልባ ዘይት፣ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቻይና ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀውን ተንግ የተባለ ዘይት ተጠቅመዋል።

ተልባ የተመረጠበት ምክንያት ስለሚደርቅ ነው። አደራረቁ ግን እንደ ውኃ በመትነን አይደለም። ዘይቱ ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ እርስ በርሱ ተሳስሮ ይጠጥራል፤ እንዲያውም ክብደቱ ይጨምራል። ይህን የመድረቅ ኃይል ኬሚስቶች በአዮዲን ቁጥር ይለኩታል። የተልባ ዘይት ከ170 እስከ 200 ሲደርስ የኑግ ዘይት 130 አካባቢ ነው። ኑግ የገዛ አገራችን ተክል ስለሆነና በየቤቱ ስለሚገኝ ብንመርጠው ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን ለሰደፍ አይሆንም። አይደርቅም ማለቴ ሳይሆን እጅግ ይዘገያል ማለቴ ነው፤ እስኪደርቅም ድረስ አቧራ ይሰበስባል። ቅቤ ፈጽሞ አይደርቅም፤ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። የሞተር ዘይት ከሁሉ የከፋ ነው። ለአጥር ቋሚ ምስጥን ይከላከል እንደ ሆነ እንጂ በሰደፍ ውስጥ ሰርጎ ለዘለዓለም እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እንጨቱን ያለሰልሳል፣ በተለይም ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያላላል። ቫርኒሽ ያምራል፤ ነገር ግን ከተጫረ በኋላ የተጫረውን ቦታ ብቻ ማደስ ስለማይቻል ሁሉን መፋቅ ግድ ይሆናል። በዘይት የታሸ ሰደፍ ግን በጥቂት ጠብታ ይታደሳል።

እንግዲህ በፈቃድ ተይዞ በሥራ ላይ ላለ ጠመንጃ ምክሬ የተልባ ዘይት ነው። ጥሬው በጣም ስለሚዘገይ ማድረቂያ የተጨመረበትን፣ በቀለም መሸጫ ሱቅ «የተፈላ» የሚባለውን መምረጥ ይሻላል፤ በቤት ማፍላት ግን አደገኛ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉትን ማቅጠኛ እኩል በእኩል ይቀላቅሏል። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጠብታ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ፣ ቢያንስ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ደግሞም መድገም ነው። ብዙ ያፈሰሰ ሰው የሚያገኘው የሚያጣብቅ ሰደፍ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ባትጀምሩት ይመረጣል፤ ብርሃንና ሙቀት ሲያንስ ዘይቱ ይተኛል። ከጥቅምት ወዲህ ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ደግሞም የተልባ ዘይት የእርጥበትን መግባት ያዘገያል እንጂ አይከለክልም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ፣ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ሣር ክዳን ባለበት ቤት ወይም ፍቅፋቂ በተከመረበት የእንጨት ሥራ ቤት ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጨርቁን ውኃ በሞላ ቆርቆሮ መንከር ወይም ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚያገለግል ጠመንጃ ነው። በዘመቻ የተያዘ፣ በሰደፉ ላይ መስቀል ወይም የባለቤቱ ስም የተቀረጸበት ውጅግራ ሲመጣ ግን ምክሬ ይለወጣል። ከዚህ አዳራሽ ተነሥተን ወደ መስቀል አደባባይ ብንሻገር በቀድሞው የራስ ብሩ መኖሪያ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሙዚየም ደጃፍ ላይ እንደርሳለን። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ለሙዚየም ቢሰጥ የተልባ ዘይት ሊነካው አይገባም እላለሁ። ዘይቱ ከዓመታት በኋላ ይጠቁራል፤ አንድ ጊዜ ከጠጠረም እንጨቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። በላቡና በጭሱ፣ በተቀረጸው ስም ጉድጓድ ውስጥ ያለው እድፍ ሁሉ ከዘይቱ ጋር ይታሰራል። ለእንዲህ ያለው ሰደፍ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ካስፈለገም በቅርስ ጥገና የሚሠራበትን ማይክሮክሪስታላይን ሰም በስሱ መቀባት ይበቃል። ባለቤቱ «ለምን አያበራም?» ብሎ ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ታግሦ ማስረዳት የሙያችን ግዴታ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት የዋንዛ ቁራጮች በአንድ ቀን የተቀቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው በተፈላ ተልባ፣ ሁለተኛው በኑግ፣ ሦስተኛው በሞተር ዘይት። በእረፍቱ ሰዓት በጣታችሁ እንድትነኳቸው እጋብዛለሁ፤ ሦስተኛውን የሚነካ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ አጠገቡ ተቀምጧል።