ከክትባቱ ማግስት

ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት በብዙ አገሮች ለሕፃናት የሚሰጠው ከ12 እስከ 15 ወር ባለው ዕድሜያቸው ነው። የኦቲዝም ምልክቶች ለወላጅ ዓይን ጎልተው መታየት የሚጀምሩትም በዚያው ሰሞን፣ ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነው። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ዓይን ለዓይን አይገጥምም። የፈለገውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ አያሳይም። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ጀምሮት የነበረውን ቃል ይተዋል፤ ትናንት «እማ» ሲል የነበረው ዛሬ ዝም ይላል። ልጇን ያስከተበች እናት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይህን ስታይ ሁለቱን ብታያይዝ አይፈረድባትም። ያየችውም ውሸት አይደለም፤ መርፌው ተሰጥቷል፣ ልጁም ዝም ብሏል። የቀደመው የኋለኛውን አምጥቶት እንደሆነ ግን ከአንድ ቤት ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ለዚያ የተከተቡና ያልተከተቡ ልጆችን በብዙ ሺህ እየቆጠሩ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ክርክሩ ከየቤቱ ወጥቶ አደባባይ የዋለው በ1998 ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አንድሪው ዌክፊልድና 12 ባልደረቦቻቸው «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አወጡ። ጥናቱ የሚናገረው ስለ 12 ልጆች ብቻ ነው። ልጆቹ የአንጀት ሕመም አለባቸው፣ አብዛኞቹም ኦቲዝም አለባቸው፣ የስምንቱ ወላጆች ደግሞ ችግሩ የጀመረው ከሦስትዮሹ ክትባት በኋላ መሆኑን ገልጸዋል ይላል። ጥናቱ ራሱ በክትባቱና በልጆቹ ሁኔታ መካከል ያለ ግንኙነት አልተረጋገጠም ብሎ ጽፎ ነበር። ዌክፊልድ ግን ለጋዜጠኞች በተጠራው ስብሰባ ላይ ሦስቱ ክትባቶች ለየብቻ ቢሰጡ እንደሚሻል ተናገሩ። ጋዜጦቹ ይዘው የሄዱት በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ጥንቃቄ ሳይሆን በስብሰባው የተነገረውን ቃል ነው።

በእንግሊዝ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ክትባቱን የወሰዱ ልጆች ድርሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ 92 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ2003 እና በ2004 ወደ 80 ከመቶ ወረደ። በ2001 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶኒ ብሌር የራሳቸው ሕፃን ልጅ መከተብ አለመከተቡን ሲጠየቁ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለው መልስ ሳይሰጡ ቀሩ። አንድ አባት የቤቱን ነገር መሸፈኑ መብቱ ነው፤ ሆኖም የመንግሥት ኃላፊ ዝም ሲል ሕዝቡ ዝምታውን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል፤ ያኔም የሆነው ይኸው ነው።

ከጥናቱ በስተኋላ የነበረውን ያወጡት ብራያን ዲር የተባሉ የ«ሰንደይ ታይምስ» ጋዜጠኛ ናቸው። በ2004 ባሳተሙት ዘገባና ከዚያ በኋላ በቀጠሉት ምርመራ እንደተገለጠው፣ ዌክፊልድ ጥናቱ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በክትባት አምራቾች ላይ ክስ ለመመሥረት ከተዘጋጀ ጠበቃ ጋር ውል ነበራቸው። ክፍያው ከወጪ ውጭ በድምሩ 435,643 ፓውንድ ደርሷል። ገንዘቡ የመጣው አቅም ለሌላቸው ተከራካሪዎች መንግሥት ከመደበው የሕግ ድጋፍ ነው። ከልጆቹም አንዳንዶቹ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት በዚሁ ክስ መንገድ ነበር። በ1997 ደግሞ ዌክፊልድ የኩፍኝ ክትባት ሊሆን ለሚችል ነገር የፈጠራ ባለመብትነት ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ይህ ሁሉ ለመጽሔቱ አልተነገረም። ከ13ቱ ጸሐፊዎች 10ሩ በዚያው በ2004 ከጥናቱ ትርጓሜ ራሳቸውን አገለሉ።

የብሪታኒያ ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ጉዳዩን ሁለት ዓመት ተኩል ሰምቶ በ2010 ውሳኔ ሰጠ። በዚያ ችሎት ከተነሡት ነገሮች አንዱ ትንሽ ቢመስልም ሌላውን ሁሉ ያሳያል። ዌክፊልድ በገዛ ልጃቸው የልደት ግብዣ ላይ ከተገኙ ሕፃናት ለጥናት የሚሆን ደም አስቀድተው ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ ሰጥተዋል። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሕመማቸውን በቃል መናገር የማይችሉ ልጆች ለሕክምናቸው ሳያስፈልግ ካሜራ በአንጀታቸው እንዲገባ፣ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ እንዲቀዳ ተደርገዋል። «ዘ ላንሴት» በ2010 ፌብሩዋሪ ጽሑፉን ሰረዘ፤ በሜይ ወር ዌክፊልድ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ። በቀጣዩ ዓመት «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» የልጆቹን የሕክምና መዝገብ ከጥናቱ ጋር ያስተያየ የዲር ጽሑፍ አወጣ። በጥናቱ 12ቱም ከክትባቱ በፊት ደህና ነበሩ ተብሏል፤ በመዝገባቸው ግን የአምስቱ የዕድገት ችግር ከክትባቱ በፊት ተጽፎ ይገኛል። ወደ ኋላ የተመለሰ ኦቲዝም አለባቸው ከተባሉት ዘጠኝ ልጆች ሦስቱ ጭራሽ ኦቲዝም አልነበረባቸውም። መጽሔቱ ሥራውን ማጭበርበር ሲል ጠራው። ዌክፊልድ ይህን አይቀበሉም።

አንድ ጥናት ስለወደቀ ጥያቄው አብሮ ይወድቃል ማለት አይደለም። የጥናቱ ባለቤት ቢሳሳትም ቢዋሽም ክትባቱ ሊጎዳ ይችል ነበርና በራሱ መመርመር ነበረበት፤ ተመርምሯልም። ለዚህ ሥራ ዴንማርክን የምታህል አገር ማግኘት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ነዋሪ ከተወለደ ጀምሮ የማይለወጥ የመለያ ቁጥር አለው። የሰፈር ሐኪም ልጅ ሲከትብ ክፍያውን የሚቀበለው በዚያ ቁጥር መዝግቦ ነው፤ ኦቲዝም የተለየበትም ልጅ በዚያው ቁጥር በሌላ መዝገብ ይሰፍራል። ተመራማሪዎች ሁለቱን መዝገቦች ሲያገናኙ የማንንም ወላጅ ትዝታ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በ2002 የወጣው ጥናት 537,303 ልጆችን፣ በ2019 የወጣው ደግሞ ከ1999 እስከ 2010 የተወለዱ 657,461 ልጆችን ተከታትሏል። በሁለተኛው ከተከታተሏቸው 6,517ቱ ኦቲዝም ተገኝቶባቸዋል። ከተከተቡትና ካልተከተቡት የበለጠ የተያዘ ወገን የለም። ኦቲዝም ያለበት ወንድም ወይም እኅት ያላቸው፣ ማለትም ቀድሞውንም ዕድላቸው ከፍ ያለው ልጆች ለብቻቸው ሲታዩም ክትባቱ የጨመረው ነገር አልተገኘም።

ጃፓን ሳታስበው የተገላቢጦሹን ፈተና አደረገች። የጆሮ ደግፉ ክፍል በአንዳንድ ልጆች ላይ የማጅራት ገትር ስላስከተለ በ1993 የሦስትዮሹን ክትባት አቆመች። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ስለተመዘገበ ታወቀ፣ ስለታወቀም ቆመ። ከዚያ በኋላ በዮኮሃማ ከተማ የተወለዱ ልጆች ክትባቱን ሳያዩ አደጉ፤ በመካከላቸው የሚገኘው ኦቲዝም ግን መጨመሩን ቀጠለ።

ክሱ ከሦስትዮሹ ክትባት ሲነሣ በሌላው ላይ አረፈ። ቲሜሮሳል የተባለ፣ ሜርኩሪ ያለበት ማቆያ በአንዳንድ ክትባቶች ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሕያው ቫይረስ የያዘው የሦስትዮሹ ክትባት ግን ኖሮት አያውቅም። አሜሪካ እስከ 2001 ድረስ ማቆያውን ለጥንቃቄ ስትል ከሕፃናት መደበኛ ክትባቶች አስወጣች፤ የኦቲዝም ቁጥር አልቀነሰም። ክትባቱ ስለበዛ ነው የሚለው ሦስተኛው ክስም ሲመረመር አልጸናም።

ኦቲዝም ከክትባቱ ይቀድማል። ሊዮ ካነር በባልቲሞር 11 ልጆችን አይተው ሁኔታውን በጽሑፍ የገለጹት በ1943 ነው፤ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ፈቃድ ያገኘው በ1963፣ ሦስቱን ያጣመረው ደግሞ በ1971 ነው። በመካከሉ እናቶች የሌላ ክስ ተሸካሚዎች ሆነው ቆይተዋል። ልጁ ዝም ያለው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚል ትምህርት በአሜሪካ ለዓመታት ተሰራጭቷል፤ የብዙ እናቶችን ልብም አቁስሏል። ያንን ክስ ካፈረሱት ነገሮች አንዱ በ1977 በመንትዮች ላይ የወጣ ጥናት ነው። መልካቸው አንድ ከሆነ መንትዮች አንዱ ኦቲዝም ሲኖርበት ሌላውም የመያዝ ዕድሉ፣ መልካቸው ከሚለያይ መንትዮች በእጅጉ ይበልጣል። ዛሬ ትልቁ ድርሻ የዘር መሆኑ፣ ብዙው ነገር የሚጀምረውም አንጎል በማሕፀን ሲሠራ መሆኑ ታውቋል።

ወላጆችን የሚገርመው ግን በ1994 የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወላጆች በቤታቸው የቀረጹትን የአንደኛ ዓመት የልደት ቪዲዮ ለመኑ። 11ዱ ኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው፣ 11ዱ ደግሞ ያልተገኘባቸው ልጆች ናቸው። በቪዲዮው ላይ ኬክ አለ፣ ሻማ አለ፣ ዘመድ አዝማድ አለ። የትኛው ልጅ የትኛው እንደሆነ ያልተነገራቸው ሰዎች ልጁ የሰው ፊት ምን ያህል እንደሚያይ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለቱን፣ በጣቱ መጠቆሙን እየቆጠሩ መዘገቡ። ልዩነቱ በዚያው በልደቱ ቀን ታየ። ወላጆች ያኔ አላስተዋሉትም፤ በሳቅና በጭብጨባ መካከል ማን ያስተውላል? የሦስትዮሹ ክትባት ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

የሚመዘገቡት ልጆች ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው። በአሜሪካ ክትትል በሚደረግባቸው አካባቢዎች ስምንት ዓመት ከሆናቸው ልጆች በ2000 ከ150 አንዱ፣ በ2022 ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ተለይቷል። የበሽታው መለያ በ1990ዎቹ ሰፍቷል፣ ሐኪሞችና መምህራን ምልክቱን ማወቅ ጀምረዋል፣ ቀድሞ የአእምሮ ዘገምተኛ ተብለው ይታለፉ የነበሩ ልጆች ዛሬ በትክክለኛው ስም ይጠራሉ። ይህ የጭማሪውን ትልቅ ክፍል ያስረዳል።

በፍርሃቱ የከሰሩት ልጆች ናቸው። ኩፍኝ ካልተከተቡና ከታማሚው ጋር ከዋሉ 10 ሰዎች 9ኙን ይይዛል፤ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። ስለዚህ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ መከተብ አለባቸው። በ2013 ዌልስ ውስጥ በስዋንዚ ከተማ አካባቢ ከ1,200 በላይ ሰዎች መያዛቸው ሪፖርት ሲደረግ፣ ብዙዎቹ በፍርሃቱ ዘመን ክትባቱ ያለፋቸው፣ አሁን ለአቅመ ወጣትነት የደረሱ ልጆች ነበሩ።

በአሜሪካ የሚኒሶታው ታሪክ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ይቀርባል። በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ የሶማሌ ቤተሰቦች ከሌላው ሕዝብ የተሻለ ይከተቡ ነበር። በ2008 ገደማ ልጆቻችን ላይ ኦቲዝም በዛ የሚል ሥጋት አነሡ፤ በቂ መልስ ሳያገኙ የቀሩበትን ክፍተት የክትባት ተቃዋሚዎች ሞሉት፤ ዌክፊልድም ከተማው ድረስ እየመጡ አነጋገሯቸው። በ2004 ከሶማሌ ልጆች 92 ከመቶው ክትባቱን ወስደው ነበር፤ በ2014 ግን 42 ከመቶ ብቻ። በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎችን ያዘ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። እነዚህ ቤተሰቦች አላዋቂ ነበሩ ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ቀድሞ ቁጭ ብሎ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

ክትባቱ ጣጣ የለበትም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ያስከትላል፤ ከሦስት እስከ አራት ሺህ ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ላይ ትኩሳቱ ሰውነትን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ከባድ አለርጂ በሚሊዮን አንድ ገደማ ይገጥማል። ይህን ለወላጅ ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል። ኩፍኝ ራሱ ግን የሳንባ ምች፣ የአንጎል ብግነት፣ በተለይ ቫይታሚን ኤ ባጠራቸው ሕፃናት ላይ ዓይነ ስውርነት ያመጣል፤ ይገድላልም።

በ2025 መጨረሻ የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያ ማዕከል ክትባት ኦቲዝም አያመጣም የሚለውን የቆየ አቋሙን ለውጦ፣ ጥናቶች ዕድሉን ፈጽመው አልዘጉትም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ለውጡን ያስገደደ አዲስ ጥናት አልቀረበም። አንድ ነገር በጭራሽ አይሆንም ብሎ ማረጋገጥ ለማንኛውም ሳይንስ አይቻለውም፤ የሚቻለው ፈልጎ፣ ደጋግሞ ፈልጎ ማጣት ነው። በዚህ ጉዳይ ከሚሊዮን በላይ ልጆች ተፈልጎባቸው ታጥቷል።

በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት የሚጀምረው በዘጠኝ ወር ነው፤ ከ2019 ወዲህ ሁለተኛው ዙር በ15 ወር ይሰጣል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሚደርስባት ወቀሳ ግን በመርፌ ብቻ አያበቃም፤ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የእናቱ ኃጢአት ነው ይባላል፤ ልጁም ከእንግዳ ዓይን ይሸሸጋል። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው የተነሡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት እነዚያን ልጆች ከጓዳ ለማውጣት ነው፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ሠሩበት። ሐኪሞች ኦቲዝምን ለመለየት አመቺ የሚሉት ዕድሜ 18 ወርና 24 ወር ነው፤ ቀድሞ የታወቀለት ልጅ ንግግርንና ከሰው መግባባትን ለመማር ጊዜ ያገኛል። ለ15 ወሩ ክትባት እናት ልጇን አቅፋ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ባለሙያዋ መርፌውን ከማንሣቷ በፊት ስሙን ጠርታ ዞር ይል እንደሆነ ልታይ ትችላለች፤ በጣቱ ይጠቁም እንደሆነ፣ ስትስቅለት መልሶ ይስቅ እንደሆነም እናቱን ልትጠይቃት ትችላለች።