ልጆችን ይዞ ወደ ጀጎል



የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ሕፃናትን ይዞ ዘመድ ለመጠየቅ መንገድ መጀመር ድካም መስሎ ይታያል። ነገር ግን ለሹዋሊድ በዓል ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ወደ ሐረር የሚገቡ ቤተ ዘመዶች ድካሙን የሚቀበሉት በምክንያት ነው። ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበር ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጀጎልም ራሱ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

የአያቱን ድምፅ በስልክ ብቻ የሚያውቅ፣ ሐረሪኛም የማይሰማ ልጅ ወደ ቤቷ ሲገባ መደቦቹ በከፍታና በስፍራ ተለያይተው ያገኛቸዋል። ታላቅ የት፣ ታናሽ የት እንደሚቀመጥ አይቶ ይማራል፤ ለእርሱም ስፍራ እንደ ነበረው ያስተውላል።

ወላጆች ሆይ፤ የድሬዳዋን ሙቀት አልፋችሁ ወደ ሐረር ደጋ ስትወጡ ለማታው ብርድ የልጆቹን ሹራብ አትርሱ። ዘመዱን ሁሉ በአንድ ቀን ለማዳረስም አትቸኩሉ፤ ቀትር ላይ ይተኙ። ከሁሉ በላይ ግን ጉዞውን ለከርሞ አታሳድሩት። የጀጎል ግንብ ዘመናትን ተሻግሯል፤ አያት ግን እንደ ግንብ አትቆይም።