ግኝታችንን በብር እንናገር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራ ዓለም ያገኘሽውን አንድ ትምህርት አካፍዪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ስለ ስኬቴ ላወራ ነበር ያሰብኩት። በኋላ ግን አንድ ቀን ያፈርኩበት ነገር ይበልጥ እንደሚጠቅም ገባኝ።

የምሠራው በአንድ ባንክ የደንበኞች ጥናት ክፍል ነው። ደንበኛውን ጠይቀን፣ አይተንና ቆጥረን ያገኘነውን ለአመራሩ እናቀርባለን። ለዓመታት ያቀረብነው «ደንበኞች በወረፋ ተማርረዋል»፣ «የእርካታ ደረጃው ዝቅ ብሏል» የሚል ነበር። አመራሩ ያዳምጣል፣ ያመሰግናል፤ ሪፖርቱም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እኛ ደግሞ ቡና ላይ «እነሱ እኮ ለደንበኛ ደንታ የላቸውም» እያልን እናማቸዋለን።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከእኛ ሪፖርት ጎን አዲስ ቅርንጫፍ ይከፈት የሚል፣ ኮምፒውተር ይገዛ የሚል ጥያቄ ተቀምጧል። እነዚያ ወጪና ገቢያቸውን በብር ጽፈው መጥተዋል። የእኛ ብቻ በምሬት ተጽፏል። ታዲያ ወሳኙ ሰው ምሬትን ከብር ጋር በምን ሚዛን ያወዳድር?

ስለዚህ አንድ ቀን በብር ተናገርኩ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ትቼ ለስሌት በሚመች ቁጥር ልንገራችሁ። 1,000 ደንበኞች ሂሳባቸውን ዘግተው ሄዱ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ 20,000 ብር ነበራቸው። ቆምኩና «ባንኩ 20 ሚሊዮን ብር ከስሯል» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ደስ አለኝ። የፋይናንስ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ የሰው ተቀማጭ ገቢያችን ነው እንዴ? ዕዳችን እኮ ነው!» አሉኝ።

የመጀመሪያ ዓመት አካውንቲንግ! እዚህ የተቀመጡት መምህሬ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ትክክል የነበረውን ግኝቴን እንኳ የሰማኝ አልነበረም።

በማግስቱ ቢሯቸው ሄጄ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ወረቀት አወጡ። ለቁጠባ 7 ከመቶ ወለድ ከፍለን በ15 ከመቶ ብናበድር ልዩነቱ 8 ከመቶ ነው፤ ከ20 ሚሊዮኑ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ብር ይገኛል። ያውም መጠባበቂያው፣ የማይመለሰው ብድርና የሥራ ማስኬጃው ሳይቀነስ ነው። «ሁሉም የሄዱት በወረፋ ነው?» አሉኝ። አይደለም፤ ከጠየቅናቸው አሥር ሰዎች ወረፋን ዋና ምክንያት ያደረጉት ሦስቱ ናቸው። 480,000 ሆነ። «ወረፋው ቢያጥር ሁሉም ይቀሩ ነበር?» ግማሾቹ ይቀራሉ ብንል 240,000። እኔ ይቀጠሩ ያልኳቸው ሁለት ቴለሮች ደግሞ በዓመት 300,000 ያስወጣሉ እንበል። 20 ሚሊዮኔ ቀልጦ ቀልጦ ጭራሽ ኪሳራ ሆኖ አረፈው።

ልወጣ ስል ማስታወሻዬን ገለጥ አደረግሁ። ወረፋው የሚረዝመው ከቀኑ ስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ሠራተኛው ደንበኛ በምሳ ሰዓቱ ይመጣል፤ የእኛም ቴለሮች በዚያው ሰዓት ምሳ ይወጣሉ። ምሳውን በፈረቃ ማድረግ ስንት ያስወጣል? ምንም ማለት ይቻላል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ስድሳውን ገጽ ትቼ አንድ ገጽ ይዤ ገባሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ተፈቀደ።

ከዚህ ሦስት ነገር ይዣለሁ። አንደኛ፣ ብሩን ከፋይናንስ ሰው ጋር አብራችሁ አስሉ፤ ያኔ ስብሰባው ላይ ጠበቃችሁ እሱ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ግምታችሁን ግምት ነው በሉ፤ «ግማሾቹ ይቀራሉ» ያልኩት ግምት መሆኑን መጻፌ አላስናቀኝም፣ አሳመነኝ እንጂ። ሦስተኛ፣ የችግሩን ብቻ ሳይሆን የመፍትሔውንም ዋጋ ጻፉ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው ሕግ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደንበኛው አማራጭ እየበዛለት ነው፤ ሪፖርታችን መደርደሪያ ላይ የሚያድርበት ጊዜ የለንም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሁሉ ነገር በብር አይተመንም። ጡረታቸውን ለመቀበል ምርኩዝ ይዘው ሁለት ሰዓት የቆሙ እናት አይቻለሁ። ተቀማጫቸው ትንሽ ናት፤ በስሌቱ ቢገቡ ምንም አይለውጡም። የሐሰት ቁጥር አልለጠፍኩባቸውም፤ ከገጹ ግርጌ ያየሁትን ብቻ እንዳለ ጻፍኩ። ያንን አንብበው «አግዳሚ ወንበር ይገዛ» ያሉት እኚያው የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ከላይ ያለውን ቁጥር ስላመኑት ነው መሰለኝ፣ የታችኛውንም አመኑኝ።

ለከርሞው በሰላም ያገናኘን።