ስለ ሌንስና ስለምንልከው ፎቶ
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



አምና እቁብ ሲወጣልኝ ሌንስ መግዛቴን የሰማችሁ «ምነው፣ ይቺ ልጅ አበደች እንዴ?» ማለታችሁን አውቃለሁ። አልቀየምም። ካሜራው ቀድሞም ነበረኝ፤ አሮጌ ካኖን ነው፣ 18-55 ከሚባለው ሌንሱ ጋር። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ባነሳበት ግን ፎቶው ይደበዝዛል። ፍላሽ ካበራሁ ደግሞ የሰዉ ፊት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

የገዛሁት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ የብርሃን ቁጥሩ 1.8 የሆነውን ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን የብርሃኑ መግቢያ ይሰፋል። የድሮው ሌንሴ እስከ 55 ስስበው ከ5.6 በታች አይወርድም፤ አዲሱ ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አሁን በመስኮት ብርሃን ብቻ አነሳለሁ።

ተሳስቻለሁም። ይህ ሌንስ አያቀርብም፣ አያርቅም፤ እንዳለ ነው። በእኔ ካሜራ ከ2 ሜትር ርቀት ላይ አግድም ይዤ የሚገባልኝ ስፋት 1 ሜትር አይሞላም። ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ወደ ኋላ ስል ጀርባዬ ግድግዳ ይነካል። ቡና ጠጪውን በሙሉ ለማንሳት ደጅ ወጥቼ በበር በኩል ነው። 35 ብገዛ ይሻለኝ ነበር። ለመግዛት ያሰበች ካለች፣ የድሮ ሌንሷን 35 ላይ አድርጋ አንድ ሳምንት፣ 50 ላይ አድርጋ ሌላ ሳምንት ታንሳበት። ገንዘብ አያስወጣም።

ለፊት ግን አልቆጨኝም። በስልክ ተጠግተን ስናነሳ አፍንጫ የሚተልቀው በቅርበታችን ነው። 50 ራቅ እንድል ያስገድደኛል፤ ፊትም እንደ ፊት ይወጣል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት እናታችንን ልብስ ሲያጥቡ አነሳኋቸው። በእጃቸው ላይ ያረፈው ብርሃን እንዴት ያምር ነበር! ሳልጠይቃቸው በቴሌግራም ለጓደኞቼ ላክሁት። ፎቶው ከሰው ሰው ሲተላለፍ ቤይሩት የምትሠራው ልጃቸው ዘንድ ደረሰ። በሌሊት ደውላ «እማዬ ምን ሆና ነው? የምልከው ብር አይደርሳትም?» እያለች አለቀሰች። እትዬ እኔን ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነጠላዬን እንኳ ሳልለብስ?»

አሁን በካሜራው ጀርባ እያሳየሁ አስመርጣለሁ፤ ያልተመረጠውን እዚያው አጠፋለሁ። እትዬ የመረጡት በሀበሻ ቀሚስ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሳይስቁ የተነሱትን ነው። እውነቱን ልናገርና እኔ የፊተኛውን እወደው ነበር፤ የዚህኛው ብርሃን ደረቅ ነው። ቤይሩት የሄደው ግን ይሄ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ ድፍረት አይሁንብኝ። ለሪፖርት ፎቶ ስትፈልጉ «ችግሩን የሚያሳይ» አትበሉን። የምንልክላችሁ ባለቤቷ የመረጠችውን ነው።

ካሜራውን ከቅዳሜ ጀምሮ በየተራ መውሰድ ይቻላል። ለማሳተም ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። የሌንሱን ፊት ደግሞ አደራ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉብኝ፤ አቧራው ይጭረዋል። ቦርሳው ውስጥ የጎማ መንፊያና ለስላሳ ጨርቅ አለ፤ መጀመሪያ መንፊያውን።