ከጆንያው በፊት ሚዛኑ ይታይ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስንት ኩንታል እህል እንደተሰበሰበ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል እንደተከፈለ ይነገራል። ተገቢም ነው። የዛሬው ንግግር ግን በሪፖርት ውስጥ ስለማይገባ፣ ነገር ግን ማኅበርን እንደ ነቀዝ ከውስጥ ስለሚበላ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም አባል በአባል ላይ፣ አባልም በማኅበሩ ሠራተኛ ላይ የሚያድርበት ብስጭት ነው።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጊዜው የበቆሎ መረከቢያ ወቅት ነው። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ የማኅበር አባል ዶሮ ሲጮህ ተነሥተው ሦስት ኩንታል በቆሎ በጋሪ ጭነው ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይጓዛሉ። ከወንዙ ማዶ ሲደርሱ የጋሪው ጎማ ይወልቅና ጭነቱን አውርደው እንደገና ይጭናሉ። እህል አልቀመሱም። የብድር መክፈያው ቀን ደርሷል። ማታ ከልጃቸው ጋር የተነጋገሩት ክፉ ቃልም ገና ከሆዳቸው አልወጣም። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆናለች፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

የማኅበሩ መዛኝ የጎረቤታቸው ልጅ ነው። የመጀመሪያው ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ዘጠና ስድስት ተኩል» ብሎ ጻፈ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ መቶ ኪሎ አስመዝኜ ነው የሞላሁት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ሚዛኑ የሚለው ይኼንን ነው። ወረፋ አለ።»

«ሌባ! አባትህ እንዲህ አልነበረም!»

ይህ የተባለው በሰው ሁሉ ፊት ነው። ሰውየው እህላቸውን መልሰው ጫኑና መንገድ ላይ ላገኙት ነጋዴ ከማኅበሩ ባነሰ ዋጋ ሸጡት። የነጋዴውም ሚዛን ከዘጠና ስድስት ተኩል አላለፈም ነበር። እርሳቸው ግን በንዴት ላይ ስለነበሩ ልብ አላሉትም።

ማታ ባለቤታቸው ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «መቶ ኪሎ የሞላው መቼ ተመዝኖ ነው?»

«ተፈልፍሎ እንዳለቀ ነዋ።»

«ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔ አይደለሁም?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ 16 ኪሎው ውሃ፣ 84 ኪሎው ደረቁ እህል ነው። በቆሎው በደንብ ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ደረቁ 84 ኪሎ እንዳለ ይቆያል፤ ውሃው ግን ይቀንሳል። ጠቅላላ ክብደቱም ወደ 96 ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ሦስት ኪሎ ተኩሉን የወሰደችው ፀሐይ ናት። ይህም ጥፋት አይደለም፤ በደንብ የደረቀ በቆሎ በመጋዘን ሻጋታ አያገኘውም። የባለቤታቸው ድካም ለእህሉ ጥራት የዋለ ነበር። እርሳቸው ግን በዚሁ ድካም ምክንያት የጎረቤታቸውን ልጅ ሌባ ብለው ተመለሱ።

ታዲያ የዚያን ዕለቱን ብስጭት ማን አመጣው? ከፊሉን የወለቀው ጎማ፣ ከፊሉን ረኀቡ፣ ከፊሉን ብድሩ፣ ከፊሉን የማታው ክፉ ቃል አመጣው። መዛኙ ቀና ብሎ አለማየቱም ድርሻ ነበረው፤ ድርሻው ግን ትንሹ ነው። የሁሉንም ዕዳ የከፈለው እርሱ ብቻ ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ሰው ሲበሳጭ «አናደደኝ» ይላል። «ደሜን አፈላው» ይላል። በዚህ አነጋገር ሠሪው ሌላው ሰው ነው፤ ተናጋሪው የተደረገበት ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ወረፋ ላይ የነበሩ ሌሎች አባላትም ከዚያው መዛኝ ያንኑ ዓይነት መልስ ሰምተዋል። አንዱ ስቆ አለፈው፤ አንዱ «እስቲ ድገመው» አለ፤ አንዱ ጭራሽ ልብ አላለውም። የመዛኙ ቃል ብቻውን ንዴት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በተናደዱ ነበር። ስለዚህ «አናደደኝ» ከማለት «ተናደድኩ» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። «ተናደድኩ» ያለ ሰው ንዴቱ የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ የራሱ የሆነውን ደግሞ ማስተካከል ይችላል። ንዴቱን ለሌላው የሰጠ ሰው ግን ያ ሌላው እስኪለወጥ ድረስ ሲበሳጭ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ከሆነ አባሉ ሲበደል ዝም ይበል ማለት ነው? አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበር እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ የቁጥጥር ኮሚቴ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ም የአባላትን መብት ደንግጓል። መዛኝ ቢያጭበረብር ሊጠየቅ ይገባዋል። ነገር ግን የሌላው ጥፋትና የራስ ንዴት ሁለት ጆንያዎች ናቸው፤ ባንድነት ሊመዘኑ አይገባም። ንዴቱን የያዘ ሰው «እንደገና ይመዘን፣ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን አሳየኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልረካ ወደ ኮሚቴው ይሄዳል። ንዴት የያዘው ሰው ግን ይሳደብና ይሄዳል። እኚያ አባልም መብታቸውን ያጡት በመዛኙ ሳይሆን በንዴታቸው ነው። ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለኅብረት ሥራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የተቋቋመው ማኅበር ለዛሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አርአያ ሆኗል። ያ ማኅበር ከሚታወስባቸው ነገሮች አንዱ ትክክለኛ ሚዛንና ያልተቀላቀለ ንጹሕ ሸቀጥ ነበር። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መግለጫ ላይም ከኅብረት ሥራ እሴቶች መካከል ራስን በራስ መርዳትና የራስን ኃላፊነት መወጣት ይገኛሉ። የራስን ኃላፊነት መወጣት ሲባል ብድርን በወቅቱ መክፈልና በስብሰባ መገኘት ብቻ አይደለም። በራስ ሆድ ውስጥ ለበቀለው ብስጭትም ኃላፊ መሆን ነው።

ወደ ምሳሌው ሲመለሱ፣ ሰውየው በሚቀጥለው የመረከቢያ ቀን ቀሪውን በቆሎ ይዘው መጡ። ወረፋው እንደዚያን ዕለቱ ረጅም ነበር። ተራቸው ሲደርስ ጆንያውን ከማውረዳቸው በፊት፣ «ልጄ፣ ሌባ ያልኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ጉድለቱ የፀሐይ ነበር፤ ንዴቱ ደግሞ የእኔ» አሉ።

መዛኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔም ቀና ብዬ አላየኋችሁም። ከጠዋት ጀምሮ ስጨቃጨቅ ውዬ ታክቶኝ ነበር» አለ።

«እርሱን አንተ ታውቃለህ። አሁን ግን ባዶ ሚዛኑን አሳየኝና መዝን።»

ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑ ታየ፤ በቆሎውም ተመዘነ። ከዚያን ዕለት ወዲህ መዛኙ ሥራ ሲጀምር ባዶውን ሚዛን ወረፋ ለያዙ አባላት ያሳያል። ማንም ማንንም አልቀጣም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሻ ወሰዱ።

ከዚህ አንጻር ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሰው ብስጭት ሲሰማው «ዛሬ ከቤቴ ምን ይዤ ነው የመጣሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሲመዘን የባዶ ጆንያው ክብደት እንደሚቀነስ ሁሉ ረኀቡን፣ ድካሙንና የቆየ ቂሙን ይቀንስ፤ የሚቀረው የዚያ ሰው ጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ለቀረው ጥፋት ቃሉን ሳያበላሽ በግልጽ ይናገር፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደተባለው ከሥሩ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ በሰው ፊት ያቆሰለውን በሰው ፊት ይጠግን። ቂም ይዞ ጸሎት እንደማይሆን ሁሉ ቂም ይዞ ማኅበርም አይሆንም።

የተከበራችሁ አባላት፤ መጋዘን በቆርቆሮና በብሎኬት ይሠራል፤ ማኅበር የሚቆመው ግን ነገ ተመልሶ በሚመጣ አባል ነው። በስድብ የሄደ አባል እህሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ይዞ ይሄዳል። ከዛሬው በዓል ወደየቤቱ የሚመለስ ሁሉ በልቡ ያለውን አንድ ሰው ያስታውስ፤ ያንን ሰው ከመመዘኑ በፊትም የገዛ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ይመልከት።