ቁልፉ በስልክ ውስጥ የሆነ መኪና
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



"በእድር ስብሰባ ላይ ስለ መኪና ቁልፍ ምን ይወራል?" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ያለምክንያት አልተነሣሁም። ባለፈው ዓመት በአንድ አባላችን ቤት የሆነውን እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል። ላላያችሁት ግን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው የምናገረው፤ ስም ግን አልጠራም።

እኚህ አባላችን ያረፉት ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጡሩምባው ተነፍቶ፣ ሲነጋ ልጆቻችን ድንኳኑንና ወንበሩን በጋሪ ጭነው ሲደርሱ የሟቹ የኤሌክትሪክ መኪና የግቢውን መግቢያ ዘግቶ ቆሟል። ማታ ደክሟቸው ስለ ነበር ወደ ውስጥ ሳያስገቡት እዚያው በሩ ሥር ትተውት ነው። "ቁልፉን አምጡና ፈቀቅ እናድርገው" ተባለ። ቁልፍ የለም። ባለቤታቸው እንባቸውን እየጠረጉ "ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ነው" አሉ። ስልኩ ደግሞ በጣት አሻራና በምስጢር ቁጥር የተቆለፈ ነው፤ ቁጥሩን ከሟቹ በቀር የሚያውቅ የለም። መኪናው ሲገዛ አብሮ የተሰጠው ካርድ የት እንዳለ የሚናገር ጠፋ። በዚህ መካከል አንድ ወጣት፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ "ስልኩን ወደ ውስጥ ወስደን ጣታቸውን ብናስነካው…" ብሎ ጀመረ። የሟቹ ታላቅ ወንድም የመለሱለትን እዚህ አልደግመውም። ልጁ አፍሮ ከግቢው ወጣ፤ እስከ ሠልስቱም ተመልሶ አልመጣም።

እንግፋው ቢባልም አልሆነም። ድሮ መኪና ሲቆም ማርሹን አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ፣ በአራት ሰው መግፋት ነበር። የዛሬው ፍሬኑ የሚያዘው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ ቁልፉን ካላወቀ አይለቅም። በመጨረሻ ድንኳኑ ከአጥር ውጭ መንገድ ላይ ተተከለ። አስከሬኑም በመኪናውና በአጥሩ መካከል ባለችው ክፍተት፣ ተሸካሚዎቹ በጎን እየሄዱ ወጣ። ይህ ለቤተሰቡ ሌላ ሐዘን ነበር። ካርዱ የተገኘው በአሥረኛው ቀን ነው፤ ከሽያጩ ውል ጋር በፖስታ ታሽጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ቁጥሩ ጨምሯል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ስልክን እንደ ቁልፍ ይቀበላሉ። የነዳጅ መኪናም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ቢ.ኤም.ደብልዩ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአፕል ጋር ሆኖ የስልክ ቁልፍ ሲጀምር በነዳጅ መኪናዎቹም ላይ ነው ያወጣው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ሰው ሁሉ "ስልኬ መኪናዬን ይከፍታል" ይላል እንጂ በምን መንገድ እንደሚከፍት አይጠይቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ አንድ አይደለምና።

አንደኛው መንገድ በኢንተርኔት ነው። ስልኩ ላይ "ክፈት" የሚለውን ስትነኩ ትእዛዙ በቀጥታ ወደ መኪናው አይሄድም። ባሕር ተሻግሮ ወደ ፋብሪካው ኮምፒዩተር ይሄድና፣ ከዚያ ደግሞ መኪናው ውስጥ ባለው ሲም ካርድ በኩል ወደ መኪናው ይመለሳል። ስለዚህ የእናንተ ኢንተርኔት፣ የፋብሪካው ኮምፒዩተርና የመኪናው መስመር ሦስቱም ደኅና መሆን አለባቸው። በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. የቴስላ ኮምፒዩተር ለጥቂት ሰዓታት ተበላሽቶ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለመኪናዎች መኪናቸው አጠገብ ቆመው ቀርተዋል። ካርዳቸውን ኪሳቸው የያዙት ግን ከፍተው ሄዱ። ወደ እኛ አገር ከሚገቡት መኪናዎች ብዙዎቹ ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የመኪናው መስመር የተዘጋጀው ለዚያ አገር ስለ ሆነ ይህ የሩቅ ትእዛዝ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ አያስተማምንም። "አፑ እምቢ አለኝ" ብላችሁ ከመበሳጨታችሁ በፊት የሞከራችሁት የትኛውን መንገድ እንደሆነ እዩ።

ሁለተኛው በብሉቱዝ ነው። ስልኩና መኪናው ጥቂት ሜትር ሲቀራረቡ በራሳቸው ይተዋወቃሉ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥም ይሠራል። ሦስተኛው በማስነካት ነው፤ ኤን.ኤፍ.ሲ. ይሉታል። ስልኩን ወይም ካርዱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት መኪናው ላይ ማስጠጋት ነው። በብዙ የቢ.ዋይ.ዲ. መኪናዎች የሚነካው ቦታ የሾፌሩ ስፖኪዮ ላይ ነው። በቴስላ ሞዴል 3 በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ቋሚ ላይ ነው። ዩ.ደብልዩ.ቢ. የሚባል፣ ርቀትን አጥርቶ የሚለካ አራተኛም አለ፤ እሱን ኋላ አነሣዋለሁ።

መኪናው ሳይከፈት ሲቀር መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ጥፋቱ ከስልኩ ነው ወይስ ከመኪናው የሚለውን ነው። ይህን የሚለየው ካርዱ ነው። ካርዱን አስነኩት፤ ከከፈተ መኪናው ደኅና ነው፣ ሕመሙ ስልኩ ላይ ነው። ካርዱም ካልከፈተ፣ መብራትም ካላበራ፣ ስልኩን መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሕመሙ ስልኩ ላይ ከሆነ እኔ እስካሁን ካየሁት አብዛኛው ከባትሪ ቁጠባ የመጣ ነው። መብራት ሲጠፋ እኛ ምን እናደርጋለን? የስልካችን ባትሪ እንዳያልቅ "ቁጠባ" የሚለውን እናበራለን። ስልኩም የታዘዘውን ለመፈጸም ከጀርባ የሚሠሩትን አፖች ይዘጋል፤ ከተዘጉት አንዱ ቁልፋችሁ ነው። አንድሮይድ የያዛችሁ ወደ ባትሪ ማስተካከያው ገብታችሁ የመኪናውን አፕ ብቻ ከቁጠባው አስወጡት። እንዲሁም አፑ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን ለማግኘትና አካባቢን ለማወቅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ሊሰልለኝ ነው" ብሎ ይከለክላል። መጠርጠሩ አይጠላም፤ ነገር ግን ከከለከላችሁ ስልኩ መኪናውን ሊያገኘው አይችልም። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ አፑን በጣት ወደ ላይ ጠርጋችሁ የመዝጋት ልማድ ካላችሁ ተዉት፤ ያን ካደረጋችሁ አፑ ራሳችሁ እስክትከፍቱት ድረስ መኪናውን አይሰማም።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ካልሠራ ብሉቱዙን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ቀጥሎም ስልኩን ራሱን አጥፍታችሁ አስነሡት። በማስነካት የምትጠቀሙ ከሆነ መያዣውን አውልቁ። ማግኔት ወይም ብረት ያለበት መያዣ፣ ከኋላው የባንክ ካርድ የተሸጎጠበትም፣ ምልክቱን ያውካል። አይፎን የሚያነበው በላይኛው ጫፉ ሲሆን ብዙዎቹ አንድሮይዶች በጀርባቸው መካከል ገደማ ነው። ሰው የማይሆነውን ጫፍ እያስነካ "ተበላሸ" ይላል፤ እኔም አንድ ሰሞን ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር አደራ! በንዴት ቁልፉን ከስልኩ ላይ ሰርዛችሁ እንደገና ለመመዝገብ አትቸኩሉ። አዲስ ምዝገባ በብዙ መኪና ላይ ካርዱን ወይም ሌላ የሚሠራ ቁልፍ ይፈልጋል። ካርዱ እጃችሁ ሳይገባ የሠራው ስንኩል ቁልፍ ተሰረዘ ማለት መኪናውን በገዛ እጃችሁ ቆለፋችሁበት ማለት ነው። ስልክ ስትለውጡም እንደዚሁ፤ ፎቶውና የስልክ ቁጥሩ ወደ አዲሱ ስልክ ተሻገረ ማለት ቁልፉ ተሻገረ ማለት አይደለም። አሮጌውን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት አዲሱ መኪናውን ሲከፍት እዩ።

ስልኩ ባትሪው አልቆ የሞተ እንደሆነስ? ከኤክስ.ኤስ. እና ከኤክስ.አር. ጀምሮ ያሉ አይፎኖች ቁልፉ በአፕል ዋሌት ውስጥ ከተመዘገበ ባትሪው ካለቀ በኋላም እስከ 5 ሰዓት ድረስ በማስነካት ሊከፍቱ ይችላሉ። ይህ ግን ባትሪው ሲያልቅ ነው እንጂ ራሳችሁ ስታጠፉት አይደለም። ፋብሪካው በራሱ አፕ ላይ የሠራው የብሉቱዝ ቁልፍ ግን ስልኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ሕመሙ መኪናው ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿ ባትሪ ናት። "የኤሌክትሪክ መኪና አይደለም እንዴ፣ ሙሉ ቻርጅ አለው" ትሉኛላችሁ። ጎማውን የሚያዞረው ትልቁ ባትሪ ሌላ ነው፤ በሩንና ኮምፒዩተሩን የምታነቃው እንደ ድሮው ያለች ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ መኪናው ለወራት ሲቆም የምትደክመው እሷ ነች። እሷ ከሞተች ስልክም ካርድም አይሰማም። ብዙዎቹ መኪናዎች በእጅ መቆጣጠሪያው ውስጥ የተደበቀች ትንሽ የብረት ቁልፍ አላቸው፤ ቀዳዳው የሾፌሩ በር እጀታ ላይ በክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። ይህች በሩን ትከፍታለች እንጂ መኪናውን አታስነሣም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሿን ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ ግን መንገድ ትሰጣለች። ቴስላ ሞዴል 3 የቁልፍ ቀዳዳ ጭራሹን የለውም፤ ከፊት መከላከያው ላይ በትንሽ ክዳን ሥር ባሉ ሁለት ሽቦዎች ከውጭ 12 ቮልት ሰጥቶ የፊት ኮፈኑን መክፈት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ኬብል ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው፤ ሰው ይገድላል።

ስለ ሌባም አንድ ቃል ልበል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኤን.ሲ.ሲ. ግሩፕ የተባለ የደኅንነት ጥናት ድርጅት የብሉቱዙን ምልክት በሁለት መሣሪያ እየተቀባበለ፣ ስልኩ ሩቅ ሳለ፣ የቴስላ መኪና ከፍቶ አስነሥቶ አሳይቷል። ዩ.ደብልዩ.ቢ. የመጣው ምልክቱ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ይህን ማታለል እንዲከለክል ነው። መኪናችሁ ሳይነሣ በፊት የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ አብሩት። ስልካችሁ ከተሰረቀ ደግሞ ሲም ካርድ ለማዘጋት ከመሮጣችሁ ጋር የዚያን ስልክ ቁልፍ ከመኪናው ስክሪን ላይ ሰርዙት፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ካርዱ ያስፈልጋል።

ካርድ፣ ካርድ ማለቴ ሰልችቷችሁ ይሆናል፤ ምን ላድርግ፣ ነገሩ ሁሉ ዞሮ እዚያው ነው። ካርዱ መኪናው ውስጥ አይቀመጥ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ፣ በሩ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፍበታል። አንዱ በቦርሳችሁ፣ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ባለቤታችሁ ወይም ትልቅ ልጃችሁ በሚያውቁት ቦታ ይቀመጥ። ከአፑም ቁልፉን ለሁለተኛ ሰው ስልክ ማካፈል በብዙ መኪና ይቻላል። ባለቤቱ ሲሞት ሻጩ ዘንድ አዲስ ካርድ ማስመዝገብ አይከለከልም፤ ግን የባለቤትነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ጊዜ ይወስዳል። ለቅሶ ላይ ድንኳን ተካዮች ቆመው እየጠበቁ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ለኮሚቴው አንዲት ሐሳብ አቀርባለሁ። ጸሐፊያችን የአባሎችን የቤተሰብ ዝርዝር በየዓመቱ ሲያድሱ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ያለውን አባል "ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?" ብለው አንድ መስመር ይጻፉልን። ካርዱ እድሩ ዘንድ ይቀመጥ አላልኩም፤ ለሌባ መንገር ይሆናል። የሰው ስም ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ድንኳን ይዘው ሲደርሱ ሐዘንተኛዋን ሳያስጨንቁ ማንን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ነው።

ስብሰባው እንዳበቃ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከአዳራሹ በስተጀርባ ይቆማሉ፤ አንዱ የእኔ ነው። ስልካችሁንም ካርዳችሁንም ይዛችሁ ኑ። ካርዱ የት እንዳለ የማታውቁ ከሆነ አሁኑኑ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ነኝ።